ከቀረው ላይ

ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣ ከቆርቆሮው መጋዘን በር፣
በድሩ ጅምላ ሻጩ፣ እርሳስ ከጆሮው ነቅሎ ሲናገር፦
«ብርድ ልብሱ ሺህ ብር ነው፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለው፤
ለጅምላ ሃያ ከመቶ አነሳለሁ፣ ደንቡ ነው፤
አስር ለደንበኝነት፣ ሦስት ዓመት አላጓደልሽም፤
አምስት ለእጅ በእጅ፣ ዱቤ አልጠየቅሽም።»

እኔም በጣቴ ደመርኩ፣ ሃያና አስር ሠላሳ፣
አምስቱን ጨመርኩበት፣ ጥርጥር ሳላነሳ፤
አንዱ ስድስት መቶ ሃምሳ፣ አርባ ይጫንልኝ አልኩ፤
ሃያ ስድስት ሺህ ብሬን ከፌስታል አውጥቼ ቆጠርኩ።

ካልኩሌተሩን ነካ ነካ፣ አልሳቀ፣ አልተቆጣ፤
«ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ይቀራል» አለኝ፣ ዓይኑን ከቁጥሩ ሳያወጣ።

የአዳማ ንፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን እያዞረ፣
የጅቡቲው ተሳቢ መኪና መንገዱን እያሸበረ፣
እኔ ጮህኩ። ሌባ አልኩት። ተሸካሚው ሁሉ አየኝ።
እሱ በርጩማ ሳበና፣ «ሽታዬ፣ ተቀመጪ» አለኝ።

«ሃያው የወጣው ከሺው ነው፤ ስምንት መቶ ቀረ።
አስሩ ከሺው አይደለም፤ ሺው እኮ ድሮ ተቀየረ፤
ከስምንት መቶው ሰማንያ፤ ሰባት መቶ ሃያ ተረፈ።
አምስቱም ከሱ ሠላሳ ስድስት፣ ከዚያ ሌላ አልተገፈፈ።
ስድስት መቶ ሰማንያ አራት። ቅናሽ፣ እህቴ፣ አይደመርም፤
ከቀረው ላይ ነው የሚቆርጠው፣ ወደ ሺው ተመልሶ አይቆጥርም።»

«እንግዲያው አምስቱ ይቅደም» አልኩ፣ የበለጥኩት መስሎኝ፤
«ቀጥሎ አስሩ፣ ከዚያ ሃያው።» ሳቀና ማሽኑን ሰጠኝ።
ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አሳየኝ፤ ስምንት መቶ ሃምሳ አምስት አስከተለ፤
በየትኛውም በር ብገባ፣ ያው ስድስት መቶ ሰማንያ አራት ቁጭ እንዳለ።

ከፈልኩ። ለልጄ ዩኒፎርም ካስቀመጥኩት ብር።
ስለ ሒሳቡ አይደለም፤ ስለ ድምፄ ነው የማፍር።

በዚህ ሐሩር ማን ይለብሳል? ሸቀጤ ለበቆጂ ነው፣ ለአሰላ፤
ብርዱን የሚያውቁት ይወርዳሉ፣ ገብሱ ተሸጦ ሲያበቃ፣ ኋላ።
በካርቶን ጻፍኩ፦ «ሺህ ብር። አስር ቅናሽ! ሌላ አምስት ደግሞ!»
ኦቦ ቱፋ ቆመው አነበቡት፣ ከንፈራቸው ቁጥሩን ፈጭቶ፣ ደጋግሞ።

«ስምንት መቶ ሃምሳ፣ አይደል?» ሁለት አነሡ፣ ብሩን ዘረጉ።
«ስምንት መቶ ሃምሳ አምስት።» ጣቶቻቸው ብሩ ላይ ረጉ።
አፌን ስከፍት የወጣው የበድሩ ድምፅ ነበር፦
«አምስቱ ከዘጠኝ መቶው ነው፣ አባቴ፣ ከሺው አይቆጠር።»

ያየሁት ዓይን የራሴ ነው፣ በርጩማው ላይ የነበረው።
ሌባ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።
ዝም አሉ። ከዚያ በቀስታ፦
«ጎተራዬን አይጥ ቀድማው ከገባችበት፣
ነቀዝ የሚደርሰው» አሉ፣ «ካይጥ ከተረፈለት።»
አስር ብር ጨመሩልኝ፣ ከጭብጣቸው ፈልቅቀው፤
እኔ የትኛው እንደሆንኩ፣ አይጧ ወይስ ነቀዙ፣ ሳላውቀው።

ማታ ካርቶኑን ገለበጥኩ። «ስምንት መቶ ሃምሳ አምስት። ቁርጥ ዋጋ።»
ሦስት ቀን ማንም አልቆመ። ሐሙስ አልፎ ቅዳሜ ነጋ።
«ሃያ! አስር!» ብላ ሰቅላ፣ ከሺህ ሁለት መቶ ጀምራ፣
ያንኑ በስምንት መቶ ስልሳ አራት ሸጣ ጨረሰች ጎረቤቴ ሙኒራ።

ሰው የተቀነሰለትን እንጂ የሚከፍለውን አይቆጥር፤
እኔስ ከበድሩ ደጅ የጮህኩት፣ ከዚህ በቀር ምን ነበር?

ካርቶኑን መልሼ ገለበጥኩ። የድሮው ጽሑፍ እንዳለ ነው፤
አስሩም አለ፣ አምስቱም አለ፣ ቃለ አጋኖው አሁንም ቀይ ነው።
እርሳስ ቀረጽኩ። ከአምስቱ በፊት ጠበብ ያለች ቦታ ቀርታ ነበረች፤
«ከቀረው» የምትል ቃል፣ ጎንበስ ብላ፣ እንደምንም ገባች።